የናሙና ክፍል ፊርማ

ዛሬ ጠዋት የአንዲት ሺ እግር እግሮች ስቆጥር አምስት ጊዜ ተሳሳትኩ። መጀመሪያ ሰማንያ ስድስት ጥንድ፣ ቀጥሎ ሰማንያ ሦስት፣ ከዚያ ዘጠና አንድ። ሞታ አልኮል ውስጥ የተኛች ፍጥረት እግር ታበቅላለች እንዴ? ማይክሮስኮፑን ገፋ አድርጌ ተነሳሁና መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ወንበሩን ሳላሞቀው እንደገና ተነሳሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ?» አሉኝ እትዬ አልኮል ከወዲያኛው ጠረጴዛ።

እትዬ አልኮል የናሙና ክፍላችን አንጋፋ ሠራተኛ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ብልቃጥ ሲያጥቡና አልኮል ሲቀይሩ ስለኖሩ ነው ስሙ የወጣላቸው፤ በአፋቸው እንኳ ጠብታ ገብቶ አያውቅም።

«ምንም የለም» አልኳቸው።

«ምንም የሌለውን ነገር አሥር ጊዜ በመስኮት አያዩትም።»

እውነታቸውን ነው። ግቢው ውስጥ እሱ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ሥራ የሚለቅ ሰው ክሊራንስ ማስፈረም አለበት። ንብረት ክፍሉ፣ ጋራዡ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሁሉም «ይህ ሰው የእኛ ንብረት የለበትም» ብለው ሲፈርሙለት በነፃነት ይሄዳል። ከጋራዡ ሲወጣ አየሁት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ሕይወቱን ሙሉ አንድ መጽሐፍ ተውሶ የማያውቅ ሰው ቤተ መጻሕፍት ምን እንዳስቆመው እንጃ፣ ሩብ ሰዓት ቆየ። የመጨረሻዋ ፊርማ የናሙና ክፍል ናት። የናሙና ክፍል ደግሞ እኔ ነኝ። እሱ እየቀረበ በመጣ ቁጥር የቆጠርኩት እግር ይጠፋብኛል።

እዚህ ላይ ለደረሳችሁብኝ ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ።

አባቴ ፕሮፌሰር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ በአንድ አውራጃ ውስጥ ያሉትን ሺ እግሮች በሙሉ ለይቶ መመዝገብ። «ዓለምን ሁሉ አላልኩም፣ ይሄን አንድ ሸለቆና ሦስት ተራራ ጨርሼ ልሙት» ይላል። እስካሁን አርባ አንድ ዝርያ መዝግበናል። ከእነሱ ዘጠኙን ከእኛ በፊት ማንም አያውቃቸውም ነበር። እኔ ማይክሮስኮፕ ሥር እለያለሁ፣ አባዬ ይጽፋል። የሚያገኛቸው ግን ሌላ ሰው ነው። የመስክ መኪናችን ሾፌር ነው፤ ያው ዛሬ ክሊራንስ ይዞ የሚዞረው። መሪውን ከመያዝ ሌላ ሥራ አልተሰጠውም ነበር፤ ግን እኛ ድንኳን ስንተክል እሱ የበሰበሰ ግንድ ገልብጦ፣ እርጥብ ቅጠል አራግፎ፣ በመዳፉ ላይ የተጠቀለለች አዲስ ፍጥረት ይዞ ይመጣል። መጥቶ ታዲያ አንድ ቃል አይናገርም። መዳፉን ከፈት አድርጎ ያሳያል፣ በቃ። በመሥሪያ ቤቱ «ድምፅ አልባው» ነው የሚባለው።

ፍቅራችን የተጀመረው በመለያ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ብልቃጥ ውስጥ ከናሙናው ጋር የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ወረቀት ትገባለች፤ ቦታና ቀን በእርሳስ ተጽፎባት። አንድ ቀን ወረቀቷን በወረንጦ አውጥቼ ስገለብጣት ጀርባዋ ላይ «ትናንት ሳልሽ። ጉንፋን ነው?» ይላል። ከእኔ ጋር አምስት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጦ «መስኮቱን ልዝጋው?» እንኳ ያላለኝ ሰው! በሚቀጥለው የመስክ ጉዞ ባዶ ብልቃጦች ስንሰጠው በአንዱ ውስጥ «ጉንፋን ነው። አንተ መናገር ትችላለህ እንዴ?» ብዬ ላክሁለት። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት። አንዳንዴ ሰባት ብልቃጥ አስረክቦ በሰባቱ ወረቀቶች ጀርባ ላይ አንዳንድ ቃል ይጽፋል። እኔ ቅደም ተከተላቸውን እየቀያየርኩ ዓረፍተ ነገሩን እፈልጋለሁ። «ያንቺን ሳቅ ከወንዙ ማዶ የሰማሁ መስሎኝ ዞርኩ» የሚለውን ለማግኘት ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፈጅቻለሁ። ሳገኘው አባዬ እንዳያየኝ ፊቴን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፍቼ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

አባዬ የዛሬ ስድስት ወር ደረሰበት። የአንዱን ናሙና ቀን ሊያረጋግጥ ወረቀቷን አወጣና ገለበጣት።

«ሾፌር ነው እኮ!» አለኝ።

«ያለ እሱ አንድ ሺ እግር አታገኝም።»

«እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።»

«ምኑ ነው ሌላው?»

ወረቀቷን ኪሱ ከትቶ ወጣ። በዚያው ሳምንት «ለሥራው አስፈላጊነት» የሚል ደብዳቤ ተጻፈና ሾፌሩ ሸለቆው አፋፍ ወዳለው የመስክ ጣቢያ ተዛወረ። ሁለት ክፍል፣ አንድ መኪና፣ አንድ ሰው። እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ያን ቀን ቤት ገብቼ ለአባዬ እራት አቀረብኩለት፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣ አንድ ጉርሻ አልወርድ አለኝ።

ያም ሆኖ ናሙና በየሁለት ሳምንቱ በሳጥን ይመጣል፤ በወረቀቶቹ ጀርባ ላይም ቃላት ይመጣሉ። የኛ ነገር ግን እንዲህ በድብቅ እስከ መቼ? ከወር በፊት ወኔዬን ሰብስቤ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ና። አባዬ ፊት አብረን እንቁም። እኔ ብናገር ልጅ ነኝ፣ አይሰማኝም። አንተ ተናገር። ከዚያ የመጣው ይምጣ።»

መልሱን ስጠብቅ እንቅልፍ አጣሁ ማለት ያንሰዋል። ምግብ አልበላ አለኝ፤ ደረጃ ስወርድ እቆጥራለሁ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከወንበር እነሳለሁ። ሳጥኑ መጣ። አሥራ ሁለት ብልቃጥ። በአሥራ አንዱ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ምንም አልነበረም። በአሥራ ሁለተኛው ውስጥ ቀዩ ነበር።

ስለ ቀዩ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ጎንና ጎኑ ቀይ መስመር ያለበት፣ ማንም የማያውቀው ዝርያ ነው። ወንዱን አራት ዓመት ፈልገናል። መደርደሪያችን ላይ ስድስት ነበሩን፣ ስድስቱም ሴት። ሺ እግር ደግሞ በመልክ አይለይም። ወንዱ ሰባተኛው የሰውነቱ ቀለበት ላይ ያሉት እግሮች ለመጋባት ሲል ቅርጻቸው ተለውጧል፤ ዝርያን ከዝርያ የሚለየው የእነሱ ቅርጽ ነው። ስለዚህ ያለ ወንድ አዲስ ዝርያ ስም አይወጣለትም። የሙያው ደንብ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። እትዬ አልኮል ይሄን በሰሙ ቁጥር «እዚህም ወንድ ካልመጣ ስም የለም?» እያሉ ይስቃሉ።

ያ ብልቃጥ ውስጥ የተኛው ወንድ ነበር። አራት ዓመት የለመንነው! ወረቀቱን በወረንጦ አወጣሁት። ባዶ። ገለበጥኩት። ባዶ። ቦታ የለ፣ ቀን የለ፣ ለእኔ የሚል አንዲት ፊደል የለ። «አባዬ ፊት ተናገር» ላልኩት ሰው መልሱ ይሄ ሆነ። ወንዱን ውሰጂ፣ እኔን ተይኝ ማለቱ ነው አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ደሜ ፈላ። ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያዬ ጥግ ወሸቅኩት። አባዬን አልነገርኩትም፤ ይሄ በሙያችን ትልቅ ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። ቢያየው «ከየት መጣ?» ይለኛል፤ ለመመለስ ያንን ሰው መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ደግሞ ከምጠይቀው ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል ብዬ ወሰንኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሳጥን መጣ፤ የወረቀቶቹ ጀርባ ንጹሕ ነበር። ሰኞ ዕለት ሾፌሩ ሥራ ለቋል ተባለ። ድንበር የሚያልፍ ከባድ መኪና ሊነዳ ነው፣ በሦስትና በአራት ወር አንዴ ነው የሚመለሰው፣ አውቶቡሱ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሐሙስ ዛሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌት ተቀን በልቤ እየተሳደብኩ፣ በዓይኔ እየፈለግኩት ነው የሰነበትኩት።

በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

ገባ። ከስቷል። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፍቶበታል፤ የእጆቹ ጀርባ በቁጥቋጦ ተቧጭሯል። ሰባት ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ። መጀመሪያ ያየው እትዬ አልኮልን ነው።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የቀለልከው? የሚያበስልልህ የለም እንዴ?»

ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ ወደኔ መጣና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ ብሎ አኖረው። ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

«እባክዎ ይፈርሙልኝ።»

እርስዎ! እኔን! ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፍር በምታክል ወረቀት «አንቺዬ» ሲለኝ የኖረ ሰው። ጥፊ ቢያቀምሰኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከናሙና ክፍል የወሰዱት ነገር አለ?» አልኩት በተራዬ። እኔም ማን አለብኝ?

«ወረንጦ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ፣ አርባ ባዶ ብልቃጥ። ሁሉንም መልሻለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«አስበው ይናገሩ።»

«አስቤ ነው» አለ። «ምንም የለብኝም።»

ይህቺን ሲል ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተያየን። የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ናፍቆኝ ነው።  ካላበድኩ ላለቅስ እንደሆነ ስለገባኝ ማበዱን መረጥኩ።

«አልፈርምም!»

መሳቢያዬን ስቤ፣ ጨርቁን ፈትቼ፣ ብልቃጡን ክሊራንሱ ላይ ዷ አድርጌ አስቀመጥኩት። እትዬ አልኮል ከወንበራቸው ዘለሉ።

«ይሄ ከየት ነው? ቦታ የለው፣ ቀን የለው! የት እንደተገኘ የማይታወቅ ናሙና ምን ዋጋ እንዳለው እኔ ነኝ የምነግርህ? አንድ ነገር አለብህ፣ ይኸው! ይሄን ሳትነግረኝ ከዚህ ክፍል ፊርማ አታገኝም!»

ብልቃጡን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ከንፈሩ ነጣ።

«ሦስት ሳምንት» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን ለመጠየቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብሽ?»

«እርስዎ»ው ተረሳ።

«ባዶ ወረቀት የላክኸው አንተ!»

«ቆዩ፣ ቆዩ!» እትዬ አልኮል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ እያስተካከሉ መጡና ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሱት። «ይሄ ያ ሰማያዊው ነው?»

«ምን ሰማያዊ?»

«ውስጡ ሰማያዊ ሆኖ ነዋ የመጣው። ወረቀቱም ናሙናውም ሰማያዊ ነገር ውስጥ ነበር የሚዋኙት። ቀለም ይዞት እንዳይቀር ብዬ አጠብኩት፣ አልኮሉን ቀየርኩና ጠረጴዛሽ ላይ አስቀመጥኩልሽ። ሥራዬ አይደል?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠየቅሽኝ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማን አፍሽን ከፈትሽ? ደህና አደርሽ ስልሽ እንኳ ታጉረመርሚያለሽ!»

ክው ብዬ ቀረሁ። ሰማያዊ ማለት እስክሪብቶ ማለት ነው። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ አንድ ሌሊት አያድርም፣ ታጥቦ ያልቃል፤ እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር በእርሳስ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ባዶ ሆኖ አልመጣም። ተጽፎበት ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ የሰደብኩት፣ የረገምኩት፣ በሌለበት ስከራከረው የከረምኩት ሰው ጽፎልኝ ነበር።

እትዬ አልኮል አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩና ነጠላ ጫማቸውን ፈለጉ።

«እኔ ዳቦ ልገዛ ነው። ዳቦ ቤቱ ጋ ሰልፍ አለ፣ ቶሎም አልመጣ» ብለው ወጡ። 

«ጽፈህልኝ ነበር» አልኩት።

አንገቱን ደፋ።

«አንተ ሰው፣ ጽፈህልኝ ነበር!»

 ጣቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያመላልሳል። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ተጭኖኝ የነበረው ነገር በአንድ ጊዜ ወርዶልኝ፣ ደስታው ራሴን አዙሮኝ፣ ዝምታው አልታየኝም። ይሄ የኔ አፍ መቼም ጠባቂ የለው።

«ምን ብለህ እንደጻፍክ አላውቅም። እንድትነግረኝም አልጠብቅም። መልሴ እሺ ነው! ሰማህ? የትም እሺ፣ መቼም እሺ፣ አባዬ ቢያብድም እሺ!»

ፊቱ ወረደ። የእትዬ አልኮልን ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ከማለት ወደቀ ማለት ይሻላል።

«እሺ አትበይ» አለኝ።

«ለምን?»

«እርሺኝ ነበር ያልኩሽ።»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ብልቃጦች ሁሉ የሚያዩኝ መሰለኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ከፈትኩ።

«እሺታዬን መልስልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሳያስበው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄን ሳልጨርስ እንባዬ መጣ፤ እንባዬን ሳልጨርስ ንዴቴ መጣ። በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ይሄን ሁሉ መሆን የሚችል ሰው አለ ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

«እርሺኝ ለማለት ነው ያንን ወንድ የላክህልኝ? እኔ ምን አደረግሁህ?»

«አንቺ ምን ታደርጊያለሽ! አባትሽ ፊት ቁም አልሽኝ። አሰብኩት። አልቻልኩም። እሳቸው ፊት ቆሜ «አቤት» እና «እሺ» ብቻ ብዬ ነው አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት። ከዚያ ውጭ ያለው ቃል ከየት እንደሚወጣ አላውቅም። ይህቺን ልጅ ከቤቷ አጣልቼ፣ ከሥራዋ አጣልቼ፣ ምን ልሰጣት ነው አልኩ። ስለዚህ እርሺኝ ብዬ ጻፍኩ።»

«በእስክሪብቶ።»

«በእስክሪብቶ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ትክ ብዬ አየሁት። ዓይኑን አሸሸ።

«አሥራ አንድ ዓመት በእርሳስ ስትጽፍ የኖርክ ሰው ነህ። እኔን ሳይቀር ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አልኮል ቀለሙን እንደሚያጥበው አታውቅም ነበር?»

 ውጭ መኪና ሞተር ሲያስነሳ ተሰማ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ?»

«መጻፉን ጻፍኩት፤ እንድታነቢው ግን አልፈለግኩም። ናሙናውን ስታገኚው ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር። አንቺ ቦታ የሌለው ናሙና ዝም ብለሽ አታልፊም። በመኪና ሬዲዮም ቢሆን፣ በሳጥኑም ቢሆን፣ «ከየት ነው?» ትይኛለሽ፤ ከጠየቅሽኝ እመጣለሁ ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ባዶ ብልቃጦቹ መጡ። ሁሉንም እያነሳሁ ፈተሽኩ። አልጠየቅሽም። ስለ ናሙናው እንኳ አልጠየቅሽም።»

ስንት ቃል ተናገረ መሰላችሁ? ሁለት ዓመት ከነገረኝ ሁሉ ይበልጣል። እኔም ኩራቴን ታቅፌ፣ እሱም ፍርሃቱን ታቅፎ፣ ሦስት ሳምንት አንዳችን የሌላችንን አንዲት ጥያቄ ስንጠብቅ ነበር። ልመታው እጄን አነሳሁ። እጄ ሄዶ የተቧጨረው እጁ ላይ አረፈ። አላነሳሁትም፤ እሱም አልሸሸም።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እንዲህ የሚከፍተው አንድ ሰው ብቻ ነው።

አባዬ ገባ። እጃችንን አላቀቅን። አይቶ ይሁን ሳያይ አላውቅም፤ ቀጥታ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

«መጣህ? መልካም። ፈርሚለት እንጂ፣ ምን ታቆሚዋለሽ፣ አውቶቡስ አለው» አለ። ከዚያ ብልቃጡን አየ።

አባዬ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ያን ቀይ መስመር ሲያይ ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆነ። ናሙናውን ሳህን ላይ አወጣው፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ።

«ወንድ ነው» አለ። «ወንድ ነው! ወይ ጉድ፣ ወንድ ነው እኮ! የት ነው ያገኛችሁት?»

«ከሦስተኛው ፏፏቴ በላይ» አለ ሾፌሩ። «በስተግራ በኩል የወደቀ ትልቅ ግንድ አለ፤ ከሥሩ፣ እርጥብ ቅጠል ውስጥ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ።» ቀኑንም ነገረው።

አባዬ አንዲት መለያ ወረቀት ሳበና እየተነፈሰ ይጽፍ ጀመር። ቦታውን ጻፈ። ቀኑን ጻፈ። በመጨረሻው መስመር ላይ «ሰብሳቢ» አለና ሳያስብ፣ ሰው ፊቱን እንደሚያብስ ሁሉ፣ የራሱን ስም ጻፈበት። በዚያ ቀን በዚያ ሰዓት አባዬ እዚሁ ከተማ የመምሪያ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንዲህ ነው የምንጽፈው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሺህ በሚሆኑ ወረቀቶች ላይ። እኔም ራሴ ጽፌዋለሁ። ማንም ጠይቆን አያውቅም።

አፌን ከፈትኩ። ሾፌሩ አየኝ። በዓይኑ ብቻ «ተይ» አለኝ። መቼም በሕይወቴ ሙሉ ከባዱን ሥራ የሠራሁት ያኔ ነው፤ አፌን ዘጋሁት።

ተነሳ። ሸሚዙን አስተካከለ።

«ፕሮፌሰር።»

«አቤት» አለ አባዬ ሳይዞር።

«እሱን ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

«እንዴ፣ አሁን ነገርከኝ አይደል?»

«ሰብሳቢው እኔ ነኝ ማለቴ ነው።»

የአባዬ እርሳስ ቆመ። ዞሮ አየው፤ ከዚያ ወረቀቱን አየ።

«እሱማ… ልማድ ሆኖብኝ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ክፋት የለብዎትም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።» ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እጆቹ ግን ቀጥ ብለው ከጎኑ ነበሩ። «ዛሬ ግን ዝም ብዬ መሄድ ያልቻልኩት በሁለት ነገር ነው። አንደኛውን ነገርኩዎት። ሁለተኛው ልጅዎ ናት። እወዳታለሁ። ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሾፌር ነኝ፤ ሌላ ነገር ነኝ ብዬ አልመጣሁም። የዛሬ ስድስት ወር ሲያዛውሩኝ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ። አሁንም እፈራለሁ። እየፈራሁ ነው የምነግርዎት።»

 ጠረጴዛውን ያዝኩ። ይሄን ድምፅ ሁለት ዓመት በእርሳስ ሳነበው ኖሬ፣ ሲሰማ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። አባዬ ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። በሩን ያሳየዋል ብዬ ጠበቅኩ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር፤ ጠረገው፣ ጠረገው፣ መልሶ ጠረገው።

«አሥራ አንድ ዓመት አንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ምን ታስባለህ ብዬህ አላውቅም።»

«አልጠየቁኝም።»

«አልጠየቅኩህም» አለ አባዬ።

መነጽሩን አደረገና ወደኔ ዞረ። ፊቱ ደክሞት ነበር። ተቆጥቶ እንደሆነ፣ አዝኖ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም።

«አንቺስ?» አለኝ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ስድስት ወር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ደረጃ ስወርድ፣ ብልቃጥ ሳጥብ፣ ጸጉሬን ስታጠብ የተለማመድኩት፤ መግቢያም መደምደሚያም የነበረው። «አባዬ፣ እኔ…» አልኩና ንግግሩ በሙሉ ጠፋኝ። ጠይቆኛል። አባቴ ፊቴን እያየ፣ መልሴን እየጠበቀ፣ ጠይቆኛል። እንባዬ መጣ፣ ሌላ ተከተለው፣ ልገታው አልቻልኩም። ሾፌሩ አጠገቤ መጣና ቆመ። አባዬ ወንበር ሳበና ተቀመጠ፤ ክሊራንሱን አንስቶ ወደ ጎን አደረገውና እጁን አጣጥፎ ይጠብቀኝ ጀመር።

ስምንት ሰዓት ሞላ፤ አውቶቡሱ ሾፌሩን ሳይዝ ሄደ። አልቅሼ ስጨርስ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት።